«መብራት አጠፋሽ?»

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አዲሱ አስተባባሪያችን ማይክ ይዞ «በጋሽ ይሁኔ ዘመን በተንቀሳቃሽ ክሊኒካችን ላይ አንድም የኤሌትሪክ አደጋ አልደረሰም» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔ የሸለሙኝን ጋቢ ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። ሰው ደስታ መሰለው። ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ «በጋሽ ይሁኔ ዘመን» ነው ያለው፣ የእኔ ዘመን ደግሞ የሚቆጠረው ከመምህሬ ከጋሽ ልየው በኋላ ነው። የእሳቸው ዘመን እንዴት እንዳለቀ በትክክል የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። በአንድ ቃል መምህሬን ልገድላቸው ነበር፤ በሌላ ቃል ደግሞ ያዳነቻቸውን ሴት ጎዳሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የያዝኩትን ይህን ነገር ልናገረው ወይስ ይዤው ልቀበር የሚለው ጥያቄ የዚያን ዕለት እንደገና ተነሣብኝ።

መጀመሪያ ፈሪነቴን ልናገር። ብቸና ውስጥ በአንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነበርኩ። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የፍሬን መብራት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እሠራ ነበር። አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይዝም፤ ሲከፋ ሽቦ አግሎ ጣትህን ይለበልብሃል፣ ያን ደግሞ ለምጄዋለሁ። የቤት ኮረንቲ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ሲጠግን ኮረንቲ ይዞት ከጣሪያ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ድምፅ እንኳ አላወጣም። እኔ ቤት አምፖል የምትቀይረው ሚስቴ ናት፣ እስከ ዛሬም ትስቅብኛለች። ተንቀሳቃሽ ክሊኒኳ ኤሌትሪሺያን ትፈልጋለች ሲባል ያመለከትኩትም የመኪና ሥራ መስሎኝ ነው።

ክሊኒኳ አሮጌ አውቶቡስ ነበረች። ወንበሮቿ ተነቅለው አልጋ፣ የክትባት ፍሪጅ፣ የሕክምና ዕቃ መቀቀያና የእጅ መታጠቢያ ገብቶላታል፤ ከኋላ ደግሞ እኛ የምናርፍባት ጠባብ ክፍል አለች። ነጭ ስለሆነች ገበሬው «ሙሽሪት» ይላት ነበር። ማደሪያዋ ሞጣ ነው፤ ወደ ብቸና ትወጣለች፣ አንዳንዴም አምበርና የጥኖራ ትደርሳለች። ኮረንቲ የምታገኘው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከጤና ኬላ ግድግዳ በገመድ፣ ከጀነሬተር፣ ወይም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኮረንቲ ከሚቀይረው ኢንቨርተር። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ሳይ «ይሄማ የመኪና ሥራ አይደለም» አልኩ።

ጋሽ ልየው ሳቁ። «አዎ፣ ቤት ነው። ግን የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው። ፈራህ እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ደግ። እኔም እፈራለሁ። የማይፈራ ሰው ቢልኩልኝ ኖሮ እመልሰው ነበር።»

ጋሽ ልየው የሞጣ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። እሱን ትተው ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቢሄዱም ቃል የመመርመር አመል አልለቀቃቸውም። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በሥራ ላይ «መብራት» የሚለውን ቃል መከልከላቸው ነበር። እኛ አገር መብራት ማለት አምፖሉም ነው፣ ኮረንቲውም ነው። «መብራት ሄደ» ስንል መስመሩ ተቋረጠ ማለታችን ነው፤ «መብራት አጥፊ» ስንል ደግሞ አምፖሏን ማለታችን ሊሆን ይችላል። «ቅኔ ቤት ቃል ሁለት ፍቺ ሲኖረው ‹ይበል› ይባላል» ይሉኝ ነበር፤ «እዚህ ግን ቃል ሁለት ፍቺ ሲኖረው ሰው ይሞታል። ወይ ኮረንቲ በል፣ ወይ አምፖል በል።» እኔ የቅኔ ተማሪ አመል ነው ብዬ በልቤ እስቅ ነበር።

መኪናዋ አንድ ቦታ ስትደርስ ሌላው ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ እሳቸው ካቻቢቴ ይዘው ይገባሉ። የሞጣና የብቸና መንገድ ብሎን ያላላል፤ የላላ ብሎን ይግላል፤ የጋለ ደግሞ አንድ ቀን ይነዳል። እያንዳንዱን ማሰሪያ አንድ በአንድ ያጠብቃሉ። ከዚያ ዕቃው ሠርቶ ሩብ ሰዓት ሲሞላው በየሶኬቱና በየስፒናው ላይ የእጃቸውን ጀርባ ያሳርፋሉ፣ ልጁ ትኩሳት እንዳለበት እንደሚያይ አባት። «ለምን በመዳፍዎ አይነኩትም?» ብዬ ብጠይቃቸው «መዳፍ ኮረንቲ ሲይዘው ይጨብጣል፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል» አሉኝ። አንድ ነገር ሊጠግኑ ሲሉ ዋናውን ፊውዝ ራሳቸው ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። ሌላ ሰው ነቅሎ ቢሰጣቸው እንኳ እንደገና ሄደው ባዶውን ቦታ ያያሉ።

የጭነትን ነገር ያስተማሩኝ በአህያ ነው። «አህያ ሲከብዳት ትተኛብሃለች፣ ታስታውቅሃለች። ሽቦ አይተኛም። እየጋለ ዝም ብሎ ይሸከማል፤ ችግሩ ዝምታው ነው።» በበሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው የእያንዳንዱን ዕቃ ጭነት በጠመኔ ጽፈዋል። መቀቀያው ብቻውን ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውም እንደዚሁ። መስመሩ የሚችለው አሥራ ስድስት ነው። ስለዚህ መቀቀያው ሲሠራ ሻይ የለም፣ ሻይ ሲፈላ መቀቀያ የለም። ያንኑ ማንቆርቆሪያ በኢንቨርተር አድርገህ ከባትሪ ልታፈላ ብትሞክር ደግሞ ባትሪው ከመቶ ስድሳ አምፔር በላይ ማውጣት አለበት። ይህን የነገሩኝ ዕለት ባትሪዎቹ ያሉበትን ሳጥን በሩቁ ነው ያለፍኩት።

ሰሌዳውን የሚያከብረው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የያኔው አስተባባሪያችን ቁርጥ ያለ ሰው ነው፤ ሪፖርት ይወዳል፣ ሻይም ይወዳል። «አንድ ማንቆርቆሪያ ይሄን ሁሉ መኪና ያቃጥላል?» እያለ ይቀልድብን ነበር። በየደረስንበትም ሰው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይሰለፋል። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ይቀጠላል። አንድ ቀን ከማረፊያችን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ስገባ አስተባባሪው የኤሌትሪክ ምድጃ ከስልኮቹ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ቀጭኑ ገመድ ፍራሽ ሥር ለስልሶ አገኘሁት። ጋሽ ልየው ነቀሉት፤ ገመዱን ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለትና ወጡ። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ በዚያ ፍራሽ ላይ መተኛት አቃተኝ።

ሲስተር ሰሚራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከደሴ ተመድባ የመጣች ወጣት ነርስ ናት፤ ፈጣን፣ ቁም ነገረኛ። ሰሌዳውን አንብባ ያከበረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። የክትባት ፍሪጁ ኃላፊነት የሷ ስለሆነ «ፍሪጁ እንዳይጠፋ» የሚል ወረቀት ጽፋ ለጥፋበታለች፤ ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ትመዘግባለች። ጋሽ ልየው «ይቺ ልጅ ኤሌትሪሺያን መሆን ነበረባት» ይሉ ነበር። እኔን በዕድሜዬ አክብራ አንቱ ትለኛለች።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልምጣ፤ ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ ነው፣ ከብቸና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ኬላ ቆመናል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በረንዳው ላይ ተጠልለው ክትባት ይጠብቃሉ። መቀቀያው ድንገት ቆመ፤ ከወለሉ በታችም የመቃጠል ሽታ መጣ። አስተባባሪው «ቶሎ በሉ፣ ሕዝቡ ተሰበሰበ» እያለ ይጣደፋል። ጋሽ ልየው ለማየት ያህል ብለው መኪናዋ ሥር ገቡ፤ በጀርባቸው ተኝተው የገመድ ማገናኛ ሳጥኑን ከፈቱት። እኔ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ እንዳይገባ በሁለት እጄ ሸራ ወጥሬ ቆምኩ። የመቀቀያው መስመር መጋጠሚያ ተቃጥሎ ከስሏል። ከሥር ሆነው «ይሁኔ፣ ኮረንቲውን አስቆርጥልኝ» አሉኝ።

ኮረንቲ ነው ያሉት፤ ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዋናው ፊውዝ ያለው ውስጥ በሩ አጠገብ ነው። ሸራውን ብለቅ ውሃው በላያቸው ይወርዳል። ሰሚራ ውስጥ ስለነበረች፣ ሽታው ሲመጣ ነቅላው ይሆናል ብዬ በመስኮቱ ጮህኩ፤

«ሲስተር! መብራት አጠፋሽ?»

ለምን እንደዚያ አልኩ? አፌ የለመደው ስለሆነ ነው። አገሩ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ስለሆነ ነው። እሷም ከውስጥ «መብራቱን አጥፍቻለሁ፤ ፍሪጁ ግን እየሠራ ነው!» ብላ መለሰችልኝ። ሽታው ሲመጣ ጭነት ለመቀነስ ብላ አምፖሎቹን አጥፍታ ነበር። ፍሪጁ እየሠራ ከሆነ ዋናው ፊውዝ አልተነቀለም ማለት ነው። ይህን ማንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን «አጥፍቻለሁ» የሚለውን እንደሰማሁ አፌ ቀድሞ ወደ ሥር ጮኋል፤

«ጠፍቷል፣ ጋሼ!»

የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ ጆሮዬ የገባው ቃሌ ከአፌ እየወጣ ሳለ ነው። ልመልሰው እችል ነበር። «ይቆዩ» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር፤ አላልኩም። እግራቸው ሲወጠር አየሁ። ጫማቸው ጭቃውን ገፍቶ እንደ እንጨት ደረቀ። ድምፅ አላወጡም።

ከዚያ በኋላ የጮህኩት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቃል አልነበረም። ሰሚራ ጩኸቴን ሰምታ ነገሩ ገባት፤ ፊውዙን በጥሳ አወጣችውና በዝናቡ ወጥታ እግራቸውን ጎትታ ከሥር አወጣቻቸው። እኔ ሸራውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ደረታቸውን መጫን ጀመረች፤ እየቆጠረች ትጭናለች፣ ትንፋሿን ትሰጣቸዋለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። በረንዳው ላይ ያሉት እናቶች እዬዬ ሲሉ «ዝም በሉ፣ ቁጥር ታሳስቱኛላችሁ!» አለቻቸው። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ልየው አቃሰቱ። ልባቸው ተመለሰ፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አልተዘረጉም።

እሳቸው ማርቆስ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ እኔና ሰሚራ ለምርመራ ሞጣ ቢሮ ተጠራን። የእኔ ቋሚ ቅጥር የጸደቀው በዚያው ዓመት ነበር፤ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ። ቢሮው ውስጥ አስተባባሪውና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ስለ ማንቆርቆሪያውና ስለ ምድጃው ያነሣ ሰው የለም። ሰሚራ የሆነውን እንዳለ ተናገረች፤ ስለ መብራት እንደተጠየቀች፣ አምፖሎቹን እንዳጠፋች፣ ፍሪጁ እየሠራ መሆኑን ጮክ ብላ እንደተናገረች። አስተባባሪው ወደ እኔ ዞረ።

«ይሁኔ፣ ስለ ፍሪጁ ያለችውን ሰምተሃል?»

በዚያ ክፍል የተሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ኮረንቲ ፊት እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም። እሷ ሙሉ በሙሉ ዞራ አየችኝ፤ ሰምቻለሁ እንደምል እርግጠኛ ነበረች፣ ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«ጋሽ ይሁኔ፣ መስኮቱ ሥር ቆመው አልነበር እንዴ?»

«ዝናብ ነበር። አልሰማሁም።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ለትምህርት የተመረጠችበት ዕድል ተሰረዘ፤ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ ወዳለ ሩቅ ጤና ኬላ ተዛወረች። ስትሄድ ሻንጣዋን መኪና ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ ሁሉ ፍርሃት ነው። ጋሽ ልየው በጉዳታቸው ምክንያት ከሥራ ተሰናበቱ፤ በቦታቸው እኔ ተተካሁ። አስተባባሪዎች መጡ፣ ሄዱ። ሰሌዳውን በየወሩ እንደገና ጻፍኩ፤ ማንቆርቆሪያ የሚሰካ ሰው ካየሁ ዶክተርም ይሁን ሹም እጮህበት ጀመር። በፊት ያልነበሩ መሣሪያዎች ሲመጡ፣ በጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሲተከል፣ ጭነቱን ሦስቴ ሳላሰላ አንድ ስፒና አላስገባም ነበር። «ጥንቁቁ ይሁኔ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሰው ጥንቃቄዬን ሲያመሰግን አንድ ቀን ሰሚራ መጥታ በር ላይ ትቆምብኛለች ብዬ እሰጋለሁ። አንዲት ነርስ በተመደበች ቁጥር ከየት እንደመጣች ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሞጣ ጋሽ ልየው ቤት ሄድኩ። በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለዚያች ጠዋት ግን ተነጋግረን አናውቅም። ግቢያቸው ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ጋቢው እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ተቀመጥ እስኪሉኝ አልጠበቅሁም፤ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።

ስጨርስ የታጠፉትን ጣቶቻቸውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«ቴስተር ኪሴ ውስጥ ነበር» አሉ። «ሳልሞክር ነካሁ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ከፈልኩ። አንተም ተሳሳትክ፤ ቸኮልክ፣ ሰው ይቸኩላል። የሷ ጥፋት ግን ምን ነበር?»

«ምንም አልነበረም፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ልጅ ናት፣ ደንግጣ ረስታ ነው› እያልኩ ይቅር ስላት ኖርኩ! በየኢዱ እየደወልኩ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ፤ ነፍሴን የመለሰች ልጅ ናት። ይቅር በይኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን አሳጣኸኝ፣ ይሁኔ።» እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን አትለምነኝ።» ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። በግራ እጃቸው ቁጥሩን ፈልገው ደወሉና ዘረጉልኝ። «ደሴ ናት። ውሰድ።»

ልሸሽ ፈልጌ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ የግቢውን በር አየሁ፣ ይህን አልደብቅም። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«ሄሎ፣ ጋሽ ልየው! ደህና ነዎት? በሰላም ነው?»

«ሲስተር፣ ጋሽ ልየው አይደሉም። ይሁኔ ነኝ።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ያኔ ስለ ፍሪጁ ያልሽውን… ሰምቼ ነበር።»

ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ብረት ነገር ይንኳኳል። የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ታካሚ ይዣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ጠብቅ። እንዳትዘጋው።»

በሥራ ዘመናችን ሁሉ አንቱ ብላኝ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም። ጠበቅሁ። ጋሽ ልየው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። ልጁን ስታባብል፣ እናቱን መድኃኒቱን እንዴት እንደምትሰጠው ሁለት ጊዜ ስታስረዳት፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋ ቀረበ።

«ምን ነበር የሰማኸው?»

«‹መብራቱን አጥፍቻለሁ፤ ፍሪጁ ግን እየሠራ ነው› ነው ያልሽኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማኝ።

«አዎ» አለች። «እንደሱ ነበር ያልኩት።»